የዝንቦቹ የልጅ ልጆች

የካቲት 9

ለወንድሜ ለድንቡሼ፣

ሰላምታዬ አንተም ባለቤትህም ባላችሁበት ይድረሳችሁ፤ ፈጣሪ ለአንተ ጤና፣ ለእሷ ጉልበት ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ እንደ ልማዱ ነው፤ እሱም አብሮኝ አርጅቷልና አልፈርድበትም።

ስልኩን ትቼ የምጽፍልህ ተቀይሜ እንዳይመስልህ። በስልክ ስንነጋገር አንተ ትናገራለህ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ያልኩትን ትንሽ ላካክስ ብዬ ነው።

የማታ ኮሌጁን ኮርሶች በሙሉ ጨርሻለሁ። ውጤቴን አትጠይቀኝ፤ ኬሚስትሪውን ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። ወንበሮቹም ለልጅ መቀመጫ የተሠሩ ናቸውና አራቱን ዓመት በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ነው የተማርኩት ማለት ይቻላል። አሁን የባዮሎጂ ዲግሪዬን ለማግኘት የቀረኝ የመመረቂያ ሥራዬ ብቻ ነው። የደረሰኝ የዘር ውርስ ጥናት ነው፤ በዝንብ። አዎ በዝንብ፤ ሳቅና ጨርስ። በበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ደቃቃዋ ዝንብ ናት።

ላቦራቶሪውን ቀን ቀን የመደበኛ ተማሪዎች ስለሚይዙት እኛ የማታዎቹ ጠርሙሶቻችንን ቤት ወስደን ነው የምንሠራው። ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለውን መደርደሪያ፣ ክር የማስቀምጥበትን፣ ለዝንቦቹ ለቅቄላቸዋለሁ። ሙዝ ፈጭቼ ከስኳርና ከእርሾ ጋር ለውሼ እቀልባቸዋለሁ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ባለ ረጅም ክንፍና ባለ ቁራጭ ክንፍ። ቁራጮቹ መብረር አይችሉም፤ የጠርሙሱን ግድግዳ ይዘው ይድሃሉ። እኔ ለእነሱ አደላለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጽፍልህም።

ከረጅም ክንፎቹ ሴቶቹን፣ ከቁራጮቹ ደግሞ ወንዶቹን ወስጄ ነው የማዳቅላቸው። ሴቶቹ ታዲያ ወንድ ያልደረሰባቸው መሆን አለባቸው። ሴቷ ከተፈለፈለች በኋላ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው ብቻዋን የምትቆየው፤ ስለዚህ ጠዋት ስፌት ላይ ከመቀመጤ በፊትና ማታ ከመውጣቴ በፊት አጉሊ መነጽርና ብሩሽ ይዤ እለቅማቸዋለሁ። በር ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ምን እንደምሠራ ጠይቆኝ ብነግረው፣ «በዚህ ዕድሜሽ ድንግል ፍለጋ ወጣሽ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

እህትህ

የካቲት 27

ለምወድሽ ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ወገብሽን ይማርልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ካንቺ በፊት ያድርገኝ። ደብዳቤሽን አውቶቡሱ ላይ ሆኜ ተራዬን እየጠበቅኩ አነበብኩት። እጅ ጽሑፍሽ እንዴት አምሯል! የእኔ እኮ እየባሰበት ነው የሄደው።

እኔ ያው መሪ ጨብጬ እውላለሁ። ትናንት አንዱ ተሳፋሪ «ፍጠን እንጂ፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?» ሲለኝ «ሬሳማ ቢሆን ዝም ይል ነበር» አልኩት።

አሁን ወንበር ይዘሽ ተቀመጪ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን በስልክ ነግሬሽ ነበር። መንታ ናቸው እትዬ! ሐኪሙ አሳየን፤ ሁለት ልብ ሲመታ በዓይኔ አየሁ። በሐምሌ መጀመሪያ ይወለዳሉ። በዚህ ዕድሜዬ! አንቺ እዚህ ብትኖሪ እልል ትዪ ነበር።

ደግሞም ትኖሪያለሽ። ወደምንኖርበት አገር የመግቢያ ወረቀትሽን አስገብቼ ተቀባይነት አግኝቷል። ሳልነግርሽ ያደረግሁት ድንገት ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። ባለቤቴ ከወሊድ በኋላ ወደ አረጋውያኑ ቤት ሥራዋ ቶሎ ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ሕጻን ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ አልነዳ! ትምህርቱ ለአንድ ዓመት ቢቆይ ምን ይላል? መጽሐፍ እግር የለው፣ የትም አይሄድብሽም። ልጅ ማሳደግ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔን አይተሽ ፍረጂ።

ያንቺው ድንቡሼ

መጋቢት 24

ለወንድሜ፣

ለሁለቱ እንግዶች በሰላም መምጣት፣ ለእናታቸውም በሰላም መገላገል እለምናለሁ። እንኳን ደስ ያለህ። አንድ ሕጻን ደስታ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ሥራ ነው፤ እሱንም ይባርክላችሁ።

መልሴ የዘገየው ጀምሬ እየቀደድኩ ነው። ይህኛውን አልቀድም።

ወረቀቱን ሳትጠይቀኝ አስገብተሃል። ሰው ዕቃ ሲያስጭን እንኳ ባለ ዕቃውን ይጠይቃል። አንተ ስትወለድ እናታችን ከአልጋዋ አልተነሳችም፤ «ያዥው» አሉኝ፣ ያዝኩህ። የሰፈሩ ልጆች ደብተር ሲይዙ እኔ አንተን ይዤ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ያኔም የጠየቀኝ አልነበረም። ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም፤ አንተማ ምን ታውቅ ነበር፤ ጥርስ እንኳ አልነበረህም። የምጽፍልህ አሁን ጥርስ ስላለህ ነው።

«አንድ ዓመት ይቆይ» ያልከው አይሆንም። ኮሌጁ የማታውን ክፍል እየዘጋ ነው፤ እኛ የመጨረሻዎቹ ነን። ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራውን ያላስረከበ ሰው ዶሴው ይዘጋና በቃ። የእኔ ደግሞ ከጅምሩ ተደናቅፏል፤ የመጀመሪያው ቀለብ ሻግቶብኝ ዝንቦቹ አለቁ፣ ከላቦራቶሪው ቴክኒሻን ሌላ ተቀብዬ እንደገና አራባሁ። አሁን ወላጆቹን አዳቅያቸዋለሁ። ልጆቹ ሁሉም ባለ ረጅም ክንፍ ሆነው ነው የሚወጡት፤ ቁራጭ ክንፍ ከነጭራሹ የጠፋ ይመስላል። ልጆቹን ደግሞ እርስ በርስ ሳዋልዳቸው በልጅ ልጆቹ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ከአራት አንዱ ቁራጭ ይሆናል ይላል መጽሐፉ። የእኔ ሥራ የልጅ ልጆቹን መቁጠር ነው።

በጊዜያቸው ከወለዱልኝ በሚያዝያ መጨረሻ ቆጥሬ በግንቦት አስረክባለሁ። ከዚያ እመጣለሁ። ሁለቱም ይሆናል። መምህሬ «አይቸኩሉ እናቴ» ይለኛል። አለመቸኮልን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው የደረስኩት።

እህትህ

ሚያዝያ 8

ለእትዬ ለዓለሜ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እጅሽን ይባርከው። «እመጣለሁ» የምትለዋን ቃል ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ አለቀሰች። እግሯ አብጧል፣ ሐኪሙ ብዙ እንዳትቆም አዟታል፤ እሷ ግን አረጋውያኑን ማን ያንሳቸው ብላ ትቆማለች።

የኤምባሲ ቀጠሮሽ ግንቦት 12 ነው። እሱ ካለፈ እንደገና ለማግኘት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ እባክሽን እንዳያልፍሽ። አማቴ እዚያው ከተማሽ ስላለች የሚፈረመውን ወረቀት ይዛልሽ ትመጣለች። ጥሩ ሰው ናት፤ ታግባባሻለች።

ስለ ዝንቦችሽ ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው «ዝንብ ለማርባት ኮሌጅ ምን ያደርጋል፣ የኛ መናኸሪያ በነጻ ያረባል» ብዬ አሳቅኳቸው። አትቆጪኝ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እትዬ፣ ዲግሪው በዚህ ዕድሜ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ሌላ ምን ያደርግልሻል? ለክፋት አይደለም የምለው። እዚህ ግን ሁለት ነፍስ እየጠበቀሽ ነው።

ድንቡሼ

ግንቦት 3

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ። የሆነውን ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

አማትህ ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍና ክፍል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ገና ሳትቀመጥ ጣቷን ጠረጴዛዬ ላይ አሳልፋ አየችው። ወረቀቶቹን ዘረጋችልኝ።

«ይሄ ሁሉ እኔ የምፈርመው ነው?» አልኳት።

«ፈርሚ እህቴ። አንቺ ካልያዝሽልን ማን ይይዛቸዋል? እኔ እንደሆንኩ ጉልበቴ አልታጠፍም ብሏል።»

«ያንቺስ አልታጠፍም አለ። የኔን ማን ጠየቀው?»

«አይ አንቺ! ምላስሽ እንኳ አልደከመም።»

ፈረምኩ። ደክሞኝም ነበር፣ ሳስበውም ሁለቱም የሚሆኑ መስሎኝ ነበር። የልጅ ልጆቹ መፈልፈል ጀምረዋል፤ ቁራጭ ክንፎቹ ተመልሰው መምጣታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰኞ ቆጥሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግና ፎቶ ልነሳ ወጣሁ። «እኔ እዚሁ ልጠብቅሽ» አለች።

ስመለስ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱ ፍሊት ፍሊት ይሸታል። ጠርሙሶቼ ታጥበው፣ ፎጣ ላይ አፋቸው ተደፍቶ በመስመር ተደርድረዋል። ያብለጨልጫሉ።

«ቤትሽን ዝንብ ወርሮት ነበር እኮ!» አለችኝ እጇን እያደረቀች። «የሞተ ነገር ያለ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ጠርሙሶቹ ውስጥማ ትል! ትል እህቴ! ደፍቼ በፈላ ውሃ አጠብኩልሽ። ወረቀትም ተለጥፎባቸው ነበር፣ በቢላ ፍቄ አስለቀቅኩት። ሰው አገር ለቆ ሲሄድ ቤቱን እንዲያ ትቶ አይሄድም።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?»

«የልጅ ልጆቼ ነበሩ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ የለሽ፣ የልጅ ልጅ ከየት መጣ?» አለች፤ በየዋህነት ነው ያለችው።

ነገሩን ሳስረዳት ደረቷን ይዛ አለቀሰች። እኔም ተነስቼ አጽናናኋት። ውሃ ሰጠኋት፣ ሻርፗን አለበስኳት፣ ታክሲ አስያዝኳት። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በእኔ ቤት በእኔ ላይ ለደረሰው ነገር የማጽናናው እኔ ነኝ።

ሰኞ ለላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነገርኩት። ደግ ልጅ ነው፤ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አስጨነቀዎት? ሦስት ለአንድ ነው፤ ዓለም ያወቀው ነገር ነው። ይጻፉት። ግን ልክ ሦስት ለአንድ አያድርጉት፣ ያስነቃል፤ ትንሽ ሸረፍ ያድርጉት» አለኝ። ግማሹ ክፍል እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለ። ምናልባት።

አየህ፣ እንደዚያ ካደረግሁ በሳምንቱ አስረክቤ በቀጠሮዬ እገኛለሁ። አንተም ደስ ይልሃል፣ እኔም ወረቀቴን እይዛለሁ። ቁጥሩን ጻፍኩት። የሚያምር ቁጥር ነበር። አስር ጊዜ ሳየው ግን ያላየሁትን አየሁ ማለት ሆነብኝ። በሕይወቴ ሌሎች ሰዎች ያዩትን ሲነግሩኝ ነው የኖርኩት፤ በጋዜጣው ላይ ያለውን፣ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን፣ አንተ ከትምህርት ቤት ይዘህልኝ የመጣኸውን። በመጨረሻም የራሴ ይሆናል ባልኩት ነገር ላይ ያንኑ ልፈርም?

ወረቀቱን ቀድጄ «ሌሎች ወላጆች ስጠኝ» አልኩት ቴክኒሻኑን። ሰጠኝ። እንደገና እለቅማለሁ፣ እንደገና አዳቅላለሁ፤ የልጅ ልጆቹ የሚወጡት በሰኔ ነው። ቀጠሮው ላይ አልገኝም።

እንደምታዝንብኝ አውቃለሁ።

እህትህ

ግንቦት 22

ለታላቅ እህቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ አማቴ ደውላ ነግራኛለች፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አልወሰዳትም። እኔ እሷን አልወቅስም። ለጽዳት ብላ ነው።

የደረሰብዎት ያሳዝናል። ያልገባኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ለምን ይደገማል? እኔ በየቀኑ ያንኑ መንገድ የምነዳው ሰው ስለማደርስበት ነው። እርስዎ የሚያደርሱት ማንን ነው?

ባለቤቴ ከአልጋ እንዳትነሳ ታዝዟል። እኔ ሁለት ተራ እነዳለሁ፤ ስገባ ምግብ ሠርቼ፣ አጥቤ፣ እወጣለሁ። ይህን የምጽፈው እንዲመጡ አይደለም፤ ቀጠሮው አልፏል። እንዲያውቁት ያህል ነው።

ጤና ይስጥልኝ።

ወንድምዎ

ሰኔ 21

ለድንቡሼ፣

«እርስዎ» ብለህ የጻፍክልኝን አነበብኩ። ከሌላ ሰው ቢሆን እንደ ክብር እቀበለው ነበር። ለባለቤትህ ምሕረቱን ያውርድላት፤ ለአንተም መተኛ ጊዜ ይስጥህ። ይህን ለወግ አይደለም የምጽፈው።

ቆጠርኩ። ማደንዘዣውን ኤተር በጥጥ አድርጌ እያስተኛኋቸው፣ በነጭ ወረቀት ላይ እየበተንኩ፣ በብሩሽ ወዲህና ወዲያ እየለየሁ። ዓይኔ እስኪያነባ። ሦስት ለአንድ አልመጣም። ቁራጭ ክንፎቹ መጽሐፉ ካለው አነሱ፤ ብዙ ነው ያነሱት። ደግሜ ብቆጥርም ያው ነው። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለፈተና የቀረብኩትም እየፈራሁ ነው።

መምህሬ ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስቶ አየውና፣ «ሌላ ምን አስተዋሉ?» አለኝ። «ከታች ሳይፈለፈሉ የሞቱ ብዙ ናቸው» አልኩት። «ለምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እንግዲህ የማውቀውን ተናገርኩ፤ «ቀለቡ ላይ ሲሻሙ ደካሞቹ ገና ትል ሳሉ ያልቃሉ መሰለኝ፤ እኛ የምንቆጥረው የተረፉትን ብቻ ነው» አልኩት። ያልኩትን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። «ቢ» ሰጠኝ። «ኤ» ያልሰጠኝ አቀራረቡ ቅደም ተከተል ይጎድለዋል ብሎ ነው፤ እውነቱን ነው።

መልሱ የታወቀ ነው ብለህ ነበር። ለእኔ የታወቀ አልነበረም። ያን የሚያምር ቁጥር ጽፌ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ከታች የቀሩት እንደሌሉ ይቆጠሩ ነበር። ማንን ታደርሻለሽ ላልከው ሌላ መልስ የለኝም።

ተመርቄያለሁ። ምርቃቱ ላይ አልተገኘሁም፤ የማስረክበው መጋረጃ ነበረብኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ብዙ ዓመት ጠብቄ ነበር። ደከመኝ ብቻ። ምናልባት ደስታውም እንደ እኔ ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል።

የባለቤትህ ቀን ደርሷል። ብትቀየመኝም ይህን አንዱን አሳውቀኝ።

እህትህ

ነሐሴ 13

እትዬ፣

ሰላምታም ምርቃትም አልጻፍኩም፤ ይቅር በይኝ፤ ቃል አልቆብኛል። የምጽፍልሽ ጋቢና ውስጥ ነው፤ ተራዬ እስኪደርስ።

ሁለቱም ሴቶች ናቸው። አንዷ ወፍራም ናት፣ እኔን ነው የምትመስለው። ሌላዋ ትንሽዬ ናት፤ ወተቱን ትተፋዋለች። እናታቸው ከቀዶ ጥገናዋ ቁስል ገና አልዳነችም። አማቴ ቀድሞ በነበራት ቪዛ ባለፈው ሳምንት ደረሰች፤ ሁሉን ነገር ታጥባለች፣ ልጆቹን ግን መያዝ ትፈራለች፤ ሰባት እህቶች ያሏት የመጨረሻ ልጅ ነበረች፣ የወለደቻትንም አንዲት ልጇን፣ ባለቤቴን፣ እነሱ ናቸው ያሳደጉላት። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሆነን ሁለት ሕጻን አቅቶናል። ትናንት ቆሜ ጥርሴን እየፋቅኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንዷ ዝም ስትል ሌላዋ ትጀምራለች፤ ትንሿን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ነገር መጣብኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

እኔን «ያዥው» ሲሉሽ አባታችን ሥራ ላይ ነበር፤ እናታችን አልጋ ላይ ነበረች። ሌላ ሰው አልነበረም። ብቻሽን ነበርሽ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው አንቺ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነሽ፤ እንደ አሁኑ። እትዬ፣ ስንት ዓመትሽ ነበር? ጠይቄሽ አላውቅም።

ልነሳ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ያንኳኳሉ።

ድንቡሼ

ነሐሴ 29

ለድንቡሼ፣

ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ትልቋንም ትንሿንም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ለትንሿ በአንድ ጊዜ ብዙ ወተት አትስጧት፤ ጥቂት ጥቂት እየሰጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት፤ ወዲያው አታስተኟት። አማትህም ትያዝ፤ መያዝ የሚለመደው በመያዝ ነው። ደግሞ ልጆቹ ሲተኙ ዕቃ ላጥብ፣ ልብስ ላጥፍ አትበል። አንተም አብረህ ተኛ። እኔ ያገኘሁት ብልሃት እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ የለም።

እህትህ